በእጇ የሰፋችው ጥላ

ከቤታችን በር ከወጣው ዕቃ ሁሉ ይመለስልኝ ብዬ የምመኘው አንድ ብቻ ነው። ፍሪጅ አይደለም፣ ሶፋም አይደለም። ባለቤቴ ለስለት ብላ በገዛ እጇ የሰፋችው ቀይ የከፋይ ጥላ ነው፤ ታቦት ሲወጣ ካህናቱ የሚዘረጉት ዓይነት። የሸጥሁት እኔ ነኝ። ሌባ አልገባም፣ ማንም አላታለለኝም። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቁርሴን በልቼ፣ ደኅና ሰው ሆኜ ሸጥሁት። ይህን ነገር ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ ለራሴ የምታደላ አንዲት ቃል እሸጉጥበት ነበር። እዚህ ሳልሸጉጥ ልሞክር።

እኔ ሾፌር ነበርሁ። ከባሕር ዳር ጎንደር ሚኒባስ እየነዳሁ ስመላለስ፣ አንድ ቀን ሐሙሲት ላይ ተሳፋሪው ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እኔ ከመሪው መነሣት አቃተኝ። አንጀትህ ተጠማዝዟል ተብዬ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። በሁለቱ መካከል ስለ ነበሩት ቀናት የማውቀው ባለቤቴ የነገረችኝን ነው፤ እሷ ደግሞ ብዙ አልነገረችኝም። ሐኪሙ "ጸልዪ" እንዳላት ብቻ አውቃለሁ። እንደ ምንም ተነሣሁ፤ ረጅም መንገድ መንዳት ግን በዚያው ቀረ።

ንግዱን የጀመረችው እሷ ናት። መጀመሪያ የሸጠችው የራሳችንን ቴሌቪዥን ነው፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ። በስልኳ ፎቶ አንሥታ ቴሌግራም ላይ አወጣችው፣ በማግሥቱ ሄደ። ይህን ያየች ጎረቤታችን፣ ባሏ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሊሄዱ ሲሉ፣ "የእኛንም ሽጭልን" አለቻት። ባሕር ዳር ደግሞ ተዛዋሪ አያጣም። ፋብሪካው፣ ኮሌጁ፣ ቢሮው ሰው ያመጣል፣ ሰው ይሸኛል፤ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቁም ሣጥኑን ተሸክሞ አይሄድም። ስድስት ወር ሳይሞላ ሁለቱ የኪራይ ክፍሎቻችን መጋዘን ሆኑ። ወደ መኝታችን የምንሄደው በማቀዝቀዣና በመጻሕፍት መደርደሪያ መካከል በጎን እየተሾለክን ነበር።

ሥራውን ተካፈልነው። ዕቃ ማየት፣ ማጠብ፣ ፎቶ ማንሣትና መጻፍ የእሷ፤ ከገዢ ጋር መነጋገርና በባጃጅ ማድረስ የእኔ። የእሷ ደንብ አንድ ነበር፤ ጉድለቱን አስቀድማ ትናገራለች። የመጀመሪያው ፎቶ ሁልጊዜ የተሰነጠቀው፣ የዛገው፣ የተላጠው ቦታ ነው። "በሩ ጥሩ አይገጥምም፣ ጨርቅ አስገብታችሁ ነው የምትዘጉት" ብላ ቁም ሣጥን ትሸጣለች። እኔ እናደዳለሁ። "አንቺ ሴትዮ፣ ዕቃ ነው የምትሸጪው ወይስ ንስሐ ነው የምትገቢው?" እላታለሁ። "ቤቱ ወስዶ ከሚያየው ከእኔ ይስማው" ትለኛለች። ወይ የእሷ ነገር። ሰው ግን በዚህ ይወዳት ነበር። ከእኛ ገዝቶ ዕቃ የመለሰ ሰው አላስታውስም።

የእኔ ደንብ ደግሞ "የለም" አለማለት ነበር። ሚኒባስ ላይ የለመድሁት ነው። መኪናው ሞልቶ ሰው እየታጨቀም "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" ሲባል የኖረበት አፍ "የለም" ማለት ይከብደዋል። "ብስክሌት አላችሁ?" ሲሉኝ "አለ" እላለሁ፤ ከዚያ ከተማውን ዞሬ ብስክሌት እፈልጋለሁ። "የሕፃን አልጋስ?" "አለ።" ሳገኝ ጀግና ነኝ፣ ሳላገኝ "አሁን ገና ሄደብሽ" ብዬ እዋሻለሁ። ባለቤቴ ይህን አትወድም ነበር። "አንድ ቀን ይህ አለ ማለትህ ጉድ ያፈላል" ትለኝ ነበር፤ እኔም የነጋዴ ልጅ ስላልሆነች ነው እያልሁ አልፋት ነበር። የካህን ልጅ ናት፤ አባቷ እስኪሞቱ ድረስ ደቅ ደሴት ላይ ያገለገሉ መሪጌታ ነበሩ።

አንድ ቀን አማቴ ከደቅ በጀልባ ሊጠይቁን መጥተው ወንበር ላይ አረፍ እንዳሉ፣ ወንበሩን ገዢ መጣበት። "እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ይነሡልኝ" አልኋቸው። ተነሥተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ "ልጄ፣ አደራህን እኔንም እንዳትሸጠኝ" አሉኝ። ሣቅሁ፣ ገዢውም ሣቀ፣ ወንበሩን ተሸክሞ ሄደ። አሁን ሳስበው ባለቤቴ ስትሥቅ አይታየኝም።

ጥላውን መስፋት የጀመረችው ከሕመሜ በተነሣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ስልኩ ዝም ባለ ቀን፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በመርፌ ትሰፋለች። ሊሸጥ የመጣ የልብስ ስፌት መኪና ከጎኗ ተቀምጦ ሳለ አንድም ቀን አልነካችውም። ከፋይ ወፍራም ነው፤ መርፌው ጣቷን ይወጋታል፣ ደሙን ትጠባውና ትቀጥላለች። ወርቃማውን ዘርፍ አንድ በአንድ ነው የተከለችው። አንዱ ቢንጋደድባት ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። "ስለ ምን ተስለሽ ነው?" ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኋት። "ሳስገባው ትሰማለህ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እነሱ ዘንድ የስለት ምክንያት ቤት ውስጥ አይወራም፣ ደጁ ላይ ነው የሚነገረው። አማቴ ዓይናቸውን ይታመሙ ስለ ነበር ለእሳቸው ይሆናል ብዬ ተውሁት።

በሁለት ዓመቱ ስትጨርስ በነጭ ነጠላ ጠቅልላ በገመድ አሰረችውና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አቆመችው። ቁም ሣጥኑም የሚሸጥ ነበር። "ይኸ ሸቀጥ አይደለም" አለችኝ። "ደጁ እስኪደርስ እኔም አልፈታውም፣ አንተም እንዳትነካው።" "እሺ" አልኋት። እሺ ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ።

የደቅ ንግሥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እሷ የሚዛወር ቤተሰብ ዕቃ ልታይ ወጣች፣ እኔ ስልኩን ይዤ ቤት ቀረሁ። አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። ከሩቅ ከተማ ስለት ልታስገባ መጥታለች። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ዘጌ ትሻገራለች። ያሠራችው ጥላ አውቶቡስ ላይ ከሻንጣ ሥር ገብቶ ተሰባብሮባታል። "የቤተ ክርስቲያን ጥላ ይኖራችሁ ይሆን?" አለችኝ። ንዋየ ቅድሳት የሚሸጥበትን ሱቅ አውቀዋለሁ፤ በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ወደዚያ ሂጂ ማለት ይቻል ነበር። እኔ "አለ" ብዬ ጻፍሁ።

እንደ ልማዴ ከሱቁ ገዝቼ ላደርስላት ነበር ያሰብሁት። እሷ ግን አድራሻችንን ከቴሌግራም ቻናላችን አይታ ባጃጅ ይዛ መጣች፤ ጫማዬን ሳላጠልቅ በሩ ተንኳኳ። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ መንገድ ያደከማት፣ ፊቷ የተጨነቀ ሴት ናት። "የታል?" አለችኝ። ያኔም ጊዜ ነበረኝ። "ይቅርታ፣ ሱቁን ላሳይሽ" ብላት ታመሰግነኝ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አወጣሁት፣ ገመዱን ፈታሁት። ስትዘረጋው ያቺ ጠባብ ክፍል ቀላች። ዘርፉን ዳበሰችው፣ ስፌቱን ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ አለቀሰች። "እንዲህ ያለ እጅ ዛሬም አለ?" አለች። "አለ" አልኋት። ስትወጣ "ያሰብኸውን ይሙላልህ" ብላ መረቀችኝ፣ እኔም "አሜን" አልሁ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ወዲያው ሱቁ ሄጄ ቀይ ጥላ ገዛሁ። ጨርቁ ስስ ሳቲን ነው፣ ዘርፉ በሙጫ የተለጠፈ። በዚያው ነጠላ ጠቀለልሁት፣ ገመዱንም እሷ እንዳሰረችው አሰርሁት። ጥላ ጥላ ነው፣ ለእማማ ዓይን ይበቃል አልሁ በሆዴ። ባለቤቴ ስትመለስ "ዛሬ ምን ተሸጠ?" አለችኝ። "ምንም" አልኋት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ቆየሁ፤ ነገሩ ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነ። ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን "አንዴ ፈትቼ ባየው ደስ ባለኝ" አለች። "ተይ እንጂ፣ ደጁ ሳይደርስ አይፈታም ያልሽ አንቺ" አልኋት። ይህንንም ያልሁት እኔው ነኝ።

በዋዜማው በጀልባ ወደ ደቅ ተሻገርን። ጥላውን እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች፤ ማዕበሉ ውኃ ሲረጭ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። ደስ ብሏት ነበር። ልጅ ሆና የዋኘችበትን ዳርቻ፣ አባቷ ቅኔ ያስተማሩበትን ዛፍ እያሳየች ስትሥቅ እኔ ውኃ ውኃውን አያለሁ። "ምነው፣ ሆድህን አመመህ እንዴ?" ብላ በእጇ ግንባሬን ነካችኝ። አላመመኝም አልኋት።

በማግሥቱ ታቦቱ ወጥቶ ከገባ በኋላ ስለት ያላቸው ሰዎች ወደ ፊት ተጠሩ። የሚቀበሉት ቄሰ ገበዙ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት፣ አባቷን የሚያውቁ ሽማግሌ። እያንዳንዱ ያመጣውን ይዞ ምን ተስሎ እንደ ነበረ ይናገራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ተራዋ ደረሰ። ገመዱን ፈታች፣ ነጠላውን ገለጠች። አየችው። ጣቷን በሙጫው ላይ አሳለፈችው። ወደ እኔ አልዞረችም።

"ስለ ምን ተስለሽ ነበር ልጄ?" አሏት ቄሰ ገበዙ።

"ባለቤቴ ታሞ ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት ነበር፣ አባቴ" አለች። "ካነሣህልኝ በመኪና ሳይሆን በእጄ ሰፍቼ ጥላ አመጣለሁ ብዬ ተሳልሁ። ተነሣልኝ። ይኸው፣ እዚያ ቆሟል።"

ሴቶቹ እልልታውን ጀመሩት። እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። "ይኸን ግን እኔ አልሰፋሁትም" አለች። "የገበያ ነው። ዘርፉም የተለጠፈ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ይረግፋል። ሳያውቁ እንዳይቀበሉኝ ብዬ ነው።"

እንደ ልማዷ ጉድለቱን ተናገረች። ማን እንደ ለወጠው ግን አልተናገረችም። ሽማግሌው "እግዚአብሔር ልብሽን ያውቃል" አሉና ተቀብለው ከሌሎቹ ጋር አኖሩት። እልልታው አልተመለሰም። አማቴ በእነዚያ በታመሙ ዓይኖቻቸው ከሰው መካከል ፈልገው አገኙኝ። ለእሳቸው ዓይን ይበቃል ያልሁት ጥላ የእኔው ነፍስ ስለት ኖሯል። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከሞት ተነሣ ተብሎ በሰው ፊት የተመሰከረለት ሰው እንዲያ መቆሙን ሲጠላ አያድርስ ነው።

በመመለሻው ጀልባ ላይ ሁሉንም ነገርኋት። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። "ሴትዮዋ የት ወሰደችው?" ብቻ አለችኝ። ዘጌ አልኋት። ጥላው የተጠቀለለበትን ባዶ ነጠላ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ለሴትዮዋ ጻፍሁላት፣ ለመንኋት። እያለቀሰች የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ አዝናለች፣ ነገር ግን ጥላው በማግሥቱ ገብቷል፣ የገባ ስለት ደግሞ አይወጣም። ደግ ሴት ናት፣ ምን ታድርግ። በዓመቱ ለንግሣቸው ዘጌ ሄድሁ። ለባለቤቴ ጎማ ላስጠግን ነው ብዬ አልዋሸኋትም፤ ላየው ነው አልኋት። በቡናው ጫካ መካከል ባለው ቀጭን መንገድ ሕዝቡ ሲወርድ፣ ጥላዎቹ ከሩቅ ሲመጡ፣ ወዲያው ለየሁት። ጥቂት ካፊያ ነበር። ሁለት ዓመት ያየሁት ስፌት በሌላ ሰው ስለት ስም ከታቦቱ በላይ ተዘርግቶ አለፈ። አጠገቤ እልል ይባላል። እኔ እንደ ሞኝ ቆሜ አለቀስሁ።

ንግዱን አልተውንም፤ ምን እንበላለን። ቻናሉም አለ፣ ተዛዋሪም አለ። አሁን "አላችሁ?" ሲሉኝ "የለም" እላለሁ፣ ያለውን እንኳ ሁለት ጊዜ አይቼ ነው። ሰው እንዲህ ዘግይቶ ሲታረም ለማን ይጠቅማል?

ከዘጌ ስመለስ አፏ የተጎዳ ማንቆርቆሪያ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ፎቶ እያነሣች ነበር። ያየሁትን ነገርኋት።

"ዘርፉ ይዟል?" አለችኝ።

"ይዟል። ዝናብም መትቶት አልረገፈም።"

"ደኅና" አለች።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። "ከፋዩን ልግዛልሽና እንደገና ስፊው። ክሩን እኔ አስገባልሻለሁ፣ ደቅም ይዘን እንሄዳለን" አልኋት። ስልኩን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

"ያን ጥላ የሰፋሁት እንዳትሞትብኝ እየፈራሁ ነው" አለችኝ። "ከተነሣህ በኋላም አልለቀቀኝም ነበር። ሌሊት ትንፋሽህን አዳምጥ ነበር። መርፌውን በወጋሁ ቁጥር እሱን ነበር የማስበው።"

"አሁንስ?" አልኋት። ምነው ባልጠየቅኋት ኖሮ።

ቀና ብላ አየችኝ። እሷ መቼም ጉድለት አትደብቅም።

"አሁን እንደዚያ አልፈራልህም፤ ብሰፋውም ያው ጥላ አይሆንም" አለችኝ፤ ስልኳን አንሥታም የማንቆርቆሪያውን የተጎዳ አፍ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።