አራት ጊዜ የተጠራው ስም

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ሞላና «ቦታ የለም፤ የማያስፈልጉትን ያጥፉ» አለኝ። ጣቴን አስጠግቼ መለስኩት። የሰው ድምፅ ያለበትን ፋይል ማጥፋት አልችልም፤ ይህ አመል የጀመረኝ ጊንጪ ነው።

ያኔ አምቦ ተማሪ ነበርኩ። በነጻ የሚወርድ የሙዚቃ መሥሪያ አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ከበሮውንም ክራሩንም በአውራ ጣቴ ስመታ እውል ነበር። ትምህርቱን እንደዚያ ይዤው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ።

ታኅሣሥ ላይ ቤተሰቦቼ ጋ ጊንጪ ሄድኩ። አጎቴን ኦቦ ጉዲናን በጌራርሳቸው የማያውቅ አልነበረም። ጌራርሳ እንደ ፉከራ ያለ ዜማ ነው፤ ዘፋኙ የራሱንና የአባቱን ስም ሳይጠራ አይጨርስም። ቤት ውስጥ ድምፅ ስለሚያስተጋባ ጎተራ አስገብቼ፣ በጤፍ ጆንያዎች መካከል አስቀምጬ ቀዳኋቸው። ስቱዲዮ ግድግዳው በስፖንጅ ይለበሳል ይባላል፤ የእኛ ስፖንጅ ጤፍ ነበር። ስለ በሬያቸው አዜሙ፣ ስለ አባታቸው አዜሙ፤ መጨረሻ ላይ «ጉዲና ኢልማ ቶላ» አሉ፤ ጉዲና የቶላ ልጅ ማለታቸው ነው።

አምቦ ተመልሼ ከሥሩ ምት አስገባሁበት። ከሁሉ የጣመኝ ስማቸውን የጠሩበት ቦታ ነበርና እሱን ቆርጬ አራት ጊዜ ደጋገምኩት። ለአንዲት ጓደኛዬ በብሉቱዝ ላክሁላት። በሳምንቱ ሻይ ቤቱም ባጃጁም ያንኑ ያሰማ ጀመር። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ደስታዬ ሦስት ቀን አልቆየም። ጊዜው ከፍቶ ነበር፤ ወጣት ይያዛል፣ መንገድ ላይ ስልክ እየተከፈተ ይፈተሻል። ለፈታሾቹ በኦሮምኛ የሚያቅራራ ሁሉ ለአመፅ የተነሳ ይመስላቸዋል። የእኔው ዘፈን ደግሞ አቅራሪውን ከነአባቱ ስም ይጠራል፣ ያውም አራት ጊዜ። አጎቴን በገዛ እጄ አሳልፌ የሰጠኋቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ላስጠነቅቃቸው ሚኒባስ ያዝኩ። መንገደኛው ሁሉ እሸት ሽምብራ ይፈለፍላል፤ የእኔ ምራቅ ደርቋል። ጊንጪ ልንገባ ስንል ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። የእኔው ነው። ዝጋው ልለው አፌን ሳልከፍት ኬላ ላይ አስቆሙን።

ፈታሹ በሩን ስቦ አዳመጠ። ድምፅ ማጉያው ጉዲና፣ ጉዲና ይላል። ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።

«አንቺ፣ ምንድነው የሚለው?»

በሬውን እያወደሰ ነው አልኩት። ይህ እውነት ነበር።

«ጉዲና ማነው?»

ከእሱ በቀር እዚያ መኪና ውስጥ ኦሮምኛ የማይሰማ አልነበረም።

«የበሬው ስም ነው።»

ሽምብራ የሚፈለፍሉት እጆች ሁሉ ቆሙ። ፈታሹ ፈገግ አለና በሩን ዘጋው።

አጎቴ ይህን ስነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ላጥፋው ስላቸው ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ኢንታላ ኮ፣ በሬ አድርገሽ አተረፍሽኝ፤ ተመስገን ነው» አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። «ድምፄን ግን አታጥፊው። ስሙን የሚፈራ ሰው ምኑን ዘፈነ?»

እሺ አልኳቸውና ጀርባቸውን ሲያዞሩ አጠፋሁት። ከሜሞሪውም ከአፑም፣ ጎተራ የቀዳሁትን ዋናውን ጭምር። ጓደኛዬንም ደውዬ አስጠፋኋት። ከዚያ በኋላ ለወራት ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በር አይ ነበር። አጎቴን ፈልጎ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። ዘፈኑም ሌላ ዘፈን ሲመጣ ተረሳ፤ ስልኩም ሜሞሪውም ተቀያየረ።

ኦቦ ጉዲና ታመው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ለቅሶው ላይ ልጃቸው ድምፃቸው እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የለኝም አልኳት። እንዳጠፋሁት አልነገርኳትም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

አሁን ጊንጪ በሄድኩ ቁጥር ከሾፌሩ ጀርባ እቀመጣለሁ። ያኔ እንዳይከፈት የፈራሁት ዘፈን አንዱ ጋ ተርፎ ይሆናል እያልኩ፣ ሙዚቃ ሲከፈት ጆሮዬን አቆማለሁ።