ወደ ቀኝ የሚሄደው ኳስ

እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። አሠልጣኙ ሌሎቹን ልጆች ኳሳቸውን በፀሐይ አስመታቸው፤ የእኔን የልጅ ልጅ ግን በጭጋግ። ከዚያም ኳሷ ጠማማ ነው ተብሎ ስሟ ተሰረዘ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፍርድ የተዛባ እንደሆነ ለማወቅ ግን ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የዳቦ ሰልፍ ላይ ያለ ተራው የገባ ካለ፣ የገዛ ወንድሜም ቢሆን አንገቱን ይዤ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዝም እላለሁ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም።

ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጋ አንድ የሣር ሜዳ አለ። አንድ ጎልማሳ ሰው እዚያ የሰፈሩን ልጆች ጎልፍ ያስተምራል። እሱ ራሱ ጨዋታውን የተማረው በልጅነቱ የተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ነው። ያሉት ዱላዎች ያረጁ ናቸው፤ ኳሶቹም የተላላጡ። የልጅ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሐዋሳ ስለምትሠራ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ልጅቷ ብዙ አታወራም። ያንን ዱላ ከያዘች ወዲህ ግን ጠዋት ሳትቀሰቀስ መነሳት ጀመረች። ለእኔ ይህ በቂ ነበር።

በክረምቱ መግቢያ አሠልጣኙ አራት ልጆች መርጦ ከከተማው ማዶ ወዳለው ትልቅ ሜዳ ሊወስድ ሆነ። እዚያ ክረምቱን ሙሉ ይለማመዳሉ። ሁለት ችካሎች ተተከሉ። እያንዳንዱ ልጅ አሥር ኳስ ይመታል፤ ከግማሽ በላይ በችካሎቹ መካከል ያሳለፈ ያልፋል። የእኔ ልጅ የመጨረሻ ሆነች። የመጨረሻ የሆነችው ደግሞ የሌሎቹን ኳስ ስትለቅም ቆይታ ነው። ተራዋ ሲደርስ ጭጋጉ ከእንጦጦ ወረደ። መጀመሪያ ዛፎቹን ወሰደ፣ ቀጥሎ ችካሎቹን፣ በመጨረሻ እሷን ራሷን እስከ ጉልበቷ።

«ምቺ» አላት አሠልጣኙ።

መታች። ኳሱ ነጩ ውስጥ ገባና ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ከወደ ቀኝ «ቷ!» አለ፤ እንጨት ላይ። ሁለተኛውም «ቷ!» አለ። ሦስተኛውም። አሥር ጊዜ፣ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ድምፅ። ከጭጋጉ ወዲያ የቆመ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስል ነበር። ልጆቹ መሳቅ ጀምረው ተዉት።

አሠልጣኙ ደብተሩ ላይ አንድ መስመር አሰመረ።

«ችካሉ በማይታይበት ምኑን አይተህ ነው የምትሰርዛት?» አልኩት።

«በድምፁ ነው እማማ። አሥሩም ያንን የተቆረጠ ግንድ ነው የመቱት። ግንዱ ከችካሉ ሃያ እርምጃ ወደ ቀኝ ነው።»

«ዓይንህን ጆሮህ ላይ ነው እንዴ የፈጠረልህ?»

«እማማ፣ ጭጋግ ኳስ አያጣምምም።»

«ፍርድ ግን ያጣምማል!»

በማግስቱ ሄድኩ። በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። ሜዳው ጫፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ባየኝ ቁጥር ያንኑ እደግምለታለሁ። በአራተኛው ቀን ደብተሩን ዘጋው።

«በቃ፣ እሺ። ሁለት ሳምንት እሰጣታለሁ። ሰማዩ ሲጠራ እንደገና ትመታለች። ግን ያኔም ካልቀናች ስሟን የሚሰርዙት እርስዎ ነዎት። በገዛ እጅዎ።»

«እሰርዛለሁ» አልኩ። ቃሌ ቃል ነው።

እንዲህ ሆኖ የጎልፍ ምት ምን ምን ጉድለት እንዳለበት በስተርጅናዬ ተማርኩ። መጀመሪያ አያያዟን አረመ። እርጥብ ልብስ እንደምትጨምቅ አድርጋ ነበር የምትይዘው፤ አላላችው። ቀጥሎ አቋቋሟን። ሁለት ዱላ ሣሩ ላይ አጋደመ፤ አንዱን በእግሮቿ ጫፍ፣ ሌላውን ወደ ችካሉ። እግሯ ቀጥ ብሎ ትከሻዋ ወደ ግራ ዞሮ ተገኘ። እኔም ከድንጋዬ ላይ «ትከሻሽ! ትከሻሽ ወደ ጳውሎስ ያያል!» እያልኩ እጮሃለሁ። ከዚያ ደግሞ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ይመጣል አለ። ከኳሱ ወዲያ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አቆመ። ዱላው ጠማማ መንገድ ከመጣ ፕላስቲኩን ይመታዋል። መጀመሪያ ሰሞን ፕላስቲኩ እየበረረ አስቸገረን። በሳምንቱ ቆሞ መዋል ጀመረ።

ሁሉም ተስተካከለ። ኳሱ ግን ወደ ቀኝ ሄደ። እንደ ሁልጊዜው፣ ወደ ግንዱ።

አንድ ቀን ኳሶቹን ልለቅም ሄድኩ። ከግንዱ ሥር፣ በሁለት ሥሮች መካከል ጎድጓዳ ቦታ አለ። ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ተጠጋግተው፣ ዶሮ የታቀፈቻቸው ይመስል። የወደቁ ሳይሆን የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ሳነሳ ከራሴ በላይ እንጨቱ «ቷ!» አለ። ቀና አልኩ። ልጅቷ ከሩቅ ዱላዋን መሬት ላይ አቁማ ታየኛለች።

«ምነው፣ ልትገድይኝ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«አልመታሁም፣ እማምዬ!»

አሠልጣኙም «ኧረ ኳሱ ሁሉ እርስዎ ጋ ነው» አለ።

ወፍ እንኳ አልነበረም። ኳሶቹን በነጠላዬ ቋጥሬ ጀርባዬን ለግንዱ ሳልሰጥ፣ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ወጣሁ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ይሳቁ።

በዚያው ሳምንት አሠልጣኙ በስልኩ ቀረጻት። ፊልሙን አዝግሞ አሳየን። ዱላው ወደ ላይ ይወጣል፣ በቀና መንገድ ይወርዳል፣ ኳሱን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ግራ ክርኗ ይታጠፋል። እጇ ኳሱን ከመታ በኋላ በመዘርጋት ፈንታ ተመልሶ ጎኗ ላይ ይለጠፋል።

«የዶሮ ክንፍ እንለዋለን» አለ። «ግራው ሲታጠፍ የዱላው ፊት ተከፍቶ ይቀራል፤ ኳሱም ወደ ቀኝ ይነጉዳል። ብዙ ሰው አለበት። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ተመልከቱ፤ የምታጥፈው እሷ አትመስልም። ሰው የሚስባት ነው የሚመስለው።»

እንደገና አሳየን። እውነቱን ነው። ክንዱ መሄድ ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ወደ ወገቧ ይመልሰዋል።

«ግራኝ ናት እንዴ፣ እማማ?»

«አይደለችም!» አልኩ። ጥያቄውን እንኳ አላስጨረስኩትም።

ልጅቷ ስልኩን እያየች ነበር። «የሚይዘኝ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ኳሱን ልነካ ስል ክንዴን ይይዘዋል። ሁልጊዜ ነው። አያሳምምም። ግን አይለቅም።»

በማግስቱ እህል ሳንቀምስ ይዣት ወደ ጠበል ሄድኩ። ክፉ መንፈስ ካለባት ይጮሃል፣ ይለፈልፋል ብዬ ጠበቅሁ። ውኃው ወረደባት፤ ብርድ ብቻ አንቀጠቀጣት። የጮኸ የለም። የእኔ ቀኝ እጅ ግን ሳላዘው ተጨብጦ ቀረ። ጣቶቼን በሌላኛው እጄ አንድ በአንድ ነው የፈታኋቸው።

«አባቴ፣ ምን አገኙባት?» አልኩ።

«እሷ ምንም የለባትም» አሉ የሚያጠምቁት መነኩሴ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አንቺስ?»

እኔም ልጠመቅ እንደሆነ የጠየቁኝ መስሎኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ተመለስኩ።

ሁለት ሳምንቱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አሠልጣኙ አዲስ ነገር አመጣ። «ቀኝ እጅሽን ከኋላሽ አድርጊ። በግራሽ ብቻ ትመቻለሽ። ክንዱ መዘርጋት ይልመድ።»

ልጅቷ ቀኝ እጇን ወደ ኋላ አደረገች፤ ዱላውን በግራዋ ያዘች። ከዚያ እኔን አየችኝ። አሠልጣኙን አይደለም፣ እኔን። ትንሽ ልጅ ገበታ ላይ እጇን ከመስደዷ በፊት የትልቅ ሰው ፊት እንደምታየው ነበር አስተያየቷ። መታች፤ ክርኗ ታጠፈ። ደገመች፤ ታጠፈ።

«እማምዬ፣ እባክሽ ወደዚያ ዙሪልኝ።»

«እኔ ምን አደረግሁሽ?»

«ዙሪልኝ በቃ።»

ዞርኩ። ፊቴን ወደ ከተማው፣ ጀርባዬን ለእሷ ሰጠሁ። ዱላው አየሩን ሲሰነጥቅ ሰማሁ። ኳሱ ሲመታ ሰማሁ። «ቷ!» የሚለውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ግንዱ ዝም አለ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ሲል፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

የፈተናው ቀን ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ችካሎቹ ከሩቅ ይታያሉ። በሁለት እጇ ነው የምትመታው። ገና ሳትጀምር ዙሪልኝ አለችኝ። እኔም ያን ሁሉ የተሟገትኩበትን ፍርድ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በጆሮዬ መስማት ሆነ ዕጣዬ። አሠልጣኙ አልሳቀብኝም። ሊስቅ ይችል ነበር።

አሥር መታች። ግንዱ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ ሰባት ጊዜ ዝም አለ።

«ያውልዎት፣ እማማ፤ ሰባቱ በችካሎቹ መካከል አልፈዋል» አለ፤ ስሟን ደብተሩ ላይ ጻፈ። «የዚያን ቀን ጭጋጉ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረብኝ። ጥፋተኛ ነኝ።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት እጄን አየሁት። የነጠላዬን ጥለት ጠምዝዤ ጠምዝዤ ቋጠሮ አድርጌዋለሁ። የታሰረ ነገር እንዳይፈታ የምቋጥረውን ዓይነት ቋጠሮ።

ያኔ ልጅቷ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ለቅሶ ቤት ይዣት ሄጄ፣ በተሰጣት እንጀራ ላይ ግራ እጇን ስትሰድ አንዲት ሴትዮ «ምነው፣ አሳዳጊ የላትም?» ብላ ሳቀች። ቤት ገብቼ ከአሮጌ ነጠላዬ ጥለቱን ቀደድኩ። ከዚያ በኋላ ገበታ በቀረበ ቁጥር ግራ እጇን ከወገቧ ጋር አስራለሁ። አልቅሳ አልቅሳ ተወች። ዓመት አለፈው። በቀኟ መብላት ስትለምድ ፈታኋት። የፈታኋት መስሎኝ ነበር። ስትበላ ያ እጅ አሁንም ሆዷ ላይ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ጨዋነት ነው ያልኩት።

የጭጋጉ በደል በደል ነው፤ አልሰርዘውም። ፍርድ የሚያውቅ ሰው ግን ከሥሩ ሌላ መስመር ይጽፋል፤ እሱንም አጽፌያለሁ።

ወደ ቤት ስንወርድ ዱላውን በግራ ትከሻዋ ተሸክማ ከፊቴ ትሄድ ነበር። ቁስቋም አጥር ጋ ስንደርስ ጠራኋት።

«ያ የሚይዝሽ ነገር፣ ማን እንደሆነ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ቆመች። አልዞረችም።

«ፊቱን አላየሁትም፣ እማምዬ» አለች። «የነጠላሽ ሽታ ግን አለው።»