አቶ ሽብሩ ዘይት አልረሱም

አሰላ ጋራዥ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ካንዴላ ማጠብ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ወልዴ በቆርቆሮ ሳህን ቤንዚን ቀዱልኝ፣ የሽቦ ብሩሽ ሰጡኝና «ከማል፣ ከማጠብህ በፊት አፏን እይ» አሉኝ። ካንዴላ ማለት ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረዋ ናት። አፏ የተቆላ ቡና ከመሰለ ሞተሩ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ነጭ ከሆነ ግን ሞተሩ በሙቀት እየተቃጠለ ነው። የእኔ ትምህርት ፊደል ቆጥሮ ስም ከመጻፍ ያለፈ አይደለም፤ ይህችን ግን በደንብ ያዝኳት።

በጋራዡ ማዕረግ ነበረ። ከታች አጣቢ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ ከዚያ ሜካኒክ፣ ከሁሉ በላይ ዋና ሜካኒክ። ዋናው ታደለ ይባላል፤ ናዝሬት ሠርቶ የመጣ ነው። እጁ ጎበዝ ነው፣ ይህን አልክድበትም። ክፉ ሰውም አልነበረም። የሚወደው ግን የሞተር ጩኸት ነው። የተጠገነ ነገር ካልጮኸ የተጠገነ አይመስለውም።

እኔ ሜካኒክ ለመባል በበቃሁበት ዘመን፣ ሃምሳዎቹ ሲገቡ መሆኑ ነው፣ አቶ ሽብሩ የሚባሉ ድሬሰር ደንበኛችን ነበሩ። መድኃኒትና መርፌ በሣጥን አስረው አንድ ሳምንት ወደ በቆጂ፣ ሌላውን ወደ ጎበሳ ይሄዳሉ። የሚሄዱባት ሞተር ብስክሌት በጠላት ጊዜ የገባች አሮጌ ናት፤ ባለ ሁለት ምት የሚሏት ዓይነት። እንደ መኪና ለብቻው የዘይት ማስቀመጫ የላትም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተበጥብጦ ይገባል፣ ብረቱን ያለሰልሳል፣ አብሮም ይቃጠላል። ስለዚህ ታጨሳለች። ጭሷ ተፈጥሮዋ እንጂ በሽታዋ አይደለም።

የእህል መኪና ሾፌሮች ይህን አያውቁም። መኪና ሲያጨስ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ ተበልቷል ማለት ስለሆነ እሷንም እንደዚያ ነው የሚያዩዋት። «ሐኪም፣ ሞተርዎን ሳል ይዟታል! አንድ መርፌ ይውጓት እንጂ!» እያሉ ይስቁባቸዋል።

አቶ ሽብሩ ዘይትና ቤንዚኑን የሚያዋህዱት በገዛ እጃቸው ነው። በጣሳ ለክተው ጀሪካን ውስጥ ይጨምሩና ክዳኑን ጠብቀው፣ ደረታቸው ላይ አቅፈው እንደ ወተት ይንጡታል። «ካልተናጠ ዘይቱ ከታች ይተኛል» ይላሉ። ሳይንጡ ሲቀዱ አንድ ቀን አላየሁም። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ ቀን እጃቸውን እያሹ ጋራዥ መጡ። ከሳጉሬ በላይ ዳገቱ ሲጀምር ሞተሯ ትንፋሽ ያጥራታል። ወርደው ይገፏታል። ገብስ ጭነው የሚወርዱ ገበሬዎች «ኦቦ ሐኪም! ዛሬስ ማን ማንን ተሸክሟል?» ይሏቸዋል።

«ገበሬው ሳቀብኝ ብዬ አይደለም፣ ጋሽ ወልዴ» አሉ። «ገፍቼ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። በሚንቀጠቀጥ እጅ ሕፃን አይወጋም። አንድ መላ ፈልጉልኝ።»

እኔ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ በትልቅ እንቀይረው፤ ሜዳ ላይ ትዘገያለች፣ ዳገቱን ግን ሳትጨነቅ ትወጣለች፤ ሌላውን አንንካ፣ አልኩ።

ታደለ ሳቀ። «ከሜ፣ የምትሠራው ሞተር ነው ወይስ የውሃ ወፍጮ? ለሐኪሙ ጉልበት ነው የምሰጣቸው!»

ጋሽ ወልዴም «ታደለ ይሥራት» አሉ። አለቀ።

ታደለ የሠራው ይህን ነው። የሞተሯን ክዳን፣ እኛ ቴስታታ የምንለውን፣ ፈቶ በመስተዋት ላይ በሸካራ ወረቀት እያሸ አሳነሰው፤ እሳቱ በጠባብ ቦታ ታፍኖ በኃይል እንዲገፋ። የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ ሆዱን አወጣው። በቆጂ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ እንዳይበዛባት ብሎ ቤንዚን የሚረጨውን ቀዳዳ በጠባብ ቀየረው። በመጨረሻም ጭሱ እንዲጠፋ የዘይቱን ልክ በግማሽ ቀነሰው።

ራሱ በቆጂ ድረስ ነድቷት ተመለሰ። አንድም ቦታ አልወረደም። ከተማው መግቢያ ላይ ጀምሮ ነው የሰማናት። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ፣ ጠጅ ተገዛለት።

«የደጋውን አየሁት፤ ቆላ ስትወርድስ?» አልኩት።

«ቁልቁለት ምን ጉልበት ይጠይቃል? በነፃ ነው የምትወርደው!» አለ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

የደጋ ሰው ስህተት ይኼ ነው። ዳገቱን እንደ ሥራ፣ ቁልቁለቱን እንደ እረፍት ይቆጥረዋል። ለበቅሎ እውነት ነው። ለባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ቁልቁለት ዋናው አደጋ ነው። የቤንዚኑን እጀታ ዘግተህ ስትወርድ ቤንዚን አይገባም፤ ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባም፤ ብረት በደረቁ ብረት ይፍቃል። ታች ደግሞ አየሩ ወፍራምና ትኩስ ነው፤ ለበቆጂ የጠበበው ቀዳዳ እዚያ አይበቃትም፣ ትቃጠላለች።

አቶ ሽብሩን ደጅ ላይ አግኝቼ «ጋሼ፣ ወደ ቆላ ከሆነ ዘይቱን እንደ ድሮው ያድርጉት» አልኳቸው። እሳቸው ተመልሰው ታደለን ጠየቁት። ታደለ «ዘይት ከጨመሩ መልሳ ታጨሳለች፤ ሥራዬን ያበላሹብኛል» አላቸው። ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ። «ዋናው ሜካኒክ ያለው ነው» አሏቸው።

አቶ ሽብሩም «ይሁን። እኔም ሰው እንክብሉን በልኩ ካልዋጠልኝ እቆጣለሁ። የእናንተ ልክ ይኼ ከሆነ በልኩ ነው» ብለው በግማሽ ጣሳ ለክተው፣ ንጠው፣ ቀድተው ሄዱ።

ብዙ አልቆየም። ቆላው አቦምሳ በኩል ወባ በረታና የወባ መድኃኒት ያድርሱ ተባሉ። ቁልቁለቱን ወርደው ጨርሰው ቆላው ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲይዙ ሞተሯ ባንዴ ደረቀች። የኋላው ጎማ ተቆለፈ። ወደቁ፣ እግራቸው ተሰበረ። የእህል መኪና እሳቸውንም ሞተሯንም ጭኖ አሰላ አመጣቸው። መድኃኒቱ በሌላ ሰው ዘግይቶ ደረሰ። በመዘግየቱ ማን እንደተጎዳ የነገረኝ የለም፤ ማንም የጠየቀ መኖሩንም እንጃ።

ሞተሯን የፈታኋት እኔ ነኝ። ፒስተኑ ተቧጥጦ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። የካንዴላዋ አፍ ኖራ መስሏል።

የአቶ ሽብሩ አለቃ ከመሥሪያ ቤቱ መጣና ከሞተሯ አጠገብ ቆሞ «ምን ሆና ነው?» አለ። ታደለ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ወልዴ ለቅጽበት እንኳ ሳያመነቱ «ዘይት ረስተው ነው። ያጋጥማል» አሉ።

ወላሂ፣ ጆሮዬን አላመንኩም። ጀሪካኗ ከመኪናው ላይ ወርዳ እዚያው ነበረች። አንስቼ ከፈትኳት።

«ጌታዬ፣ አልረሱም። የተረፈው ይኸው፣ በጣትዎ ይንኩት፣ ዘይት አለው። ልኩን ያሳነስነው እኛ ነን።»

ሰውየው ጣቱን አልዘረጋም። «አንተ ማነህ?»

«ሜካኒክ ነኝ።»

«ባለቤቱ እየተናገሩ ሜካኒክ ምን አገባው?» አለና ኮቱን አስተካክሎ ሄደ። አንዲት ጣት! እጁን ለመጥረግ የሚሆን ጨርቅ እንኳ ይዤለት ነበር።

ጋሽ ወልዴ ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ከማል፣ የዚያ መሥሪያ ቤት መኪናዎች በሙሉ እኛ ጋ ነው የሚጠገኑት። እንጀራችን ናቸው።»

«የአቶ ሽብሩስ እንጀራ፣ ጋሼ?»

«እሳቸው ደሞዝተኛ ናቸው፤ ምን ይሆናሉ?»

የራሴን ቁልፎች ለይቼ በጨርቅ ጠቀለልኩና ወጣሁ። አላባረሩኝም፣ ቆይም አላሉኝም።

አቶ ሽብሩን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። እግራቸው በጀሶ ታስሮ ትራስ ላይ ነው። የተባለውን ሰምተዋል።

«እግሬስ ይድናል» አሉኝ። «ግን አስበው እስቲ ከማል። ዘይት የሚረሳ ሰው መርፌውንስ ቀቅሎታል ብላ የትኛዋ እናት ታምነኛለች?»

 

ሲድኑ በሞተር ከሚዞሩበት ሥራ አነሷቸው። አሰላ በመስኮት እንክብል እየቆጠሩ እንዲያድሉ ተመደቡ። በቆጂ ሌላ ሰው ተላከ፣ በበቅሎ። አቶ ሽብሩ አቤት ብለው ነበር፤ መዝገባቸው ላይ የሰፈረው «በቸልተኝነት» የሚለው ቃል ግን አልተነሳላቸውም።

ሞተሯ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ዝናብ ሲመታት ከረመች። በኋላ አንድ ወጣት ድሬሰር በቅሎው ሰለቸውና ገፍቶ እኔ ጋ አመጣት፤ ያኔ ገበያው ዳር የራሴን ትንሽ የጥገና ቤት ከፍቼ ነበር። ፒስተን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በታደለ እጅ ያነሰውን ቴስታታ ከሥሩ ወፈር ያለ የመዳብ ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን፣ አስገብቼ ከፍ አደረግሁት። ለማርሚታዋ ሆድ መለስኩላት። ለደጋና ለቆላ ሁለት የተለያዩ የቤንዚን ቀዳዳዎች አዘጋጅቼ፣ አንዱን ሲያስገባ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር በሽቦ እንዲያስር አሳየሁት። ዘይቱን ሙሉ ልክ። የኋላውንም ጥርስ በትልቅ ቀየርኩ። «ቁልቁለት ላይ አልፎ አልፎ ቤንዚን ስጣት፤ ዝም ብለህ አትንሸራተት» አልኩት።

እየዘገየች፣ እያጨሰች በቆጂ ወጣች። አቦምሳም ወርዳ በራሷ ጎማ ተመለሰች። ዓመታት ሠራች። ማንም አላጨበጨበላትም። ሾፌሮቹ አሁንም ሳል ይዟታል ይላሉ።

ሞተሯ እኔ ጋ በቆመችበት አንድ ቀን ታደለ ጎራ ብሎ አጎንብሶ አያት። የኋላዋን ትልቅ ጥርስ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ከሜ፣ ያኔ ልክ ነበርክ» አለኝ። ለብቻዬ! ጋራዡ ውስጥ የአቶ ሽብሩ አለቃ ቆሞ ሲጠይቅ መሬት ሲያይ የነበረ ሰው፣ ሰው በሌለበት ልክ ነበርክ ይለኛል። «ሂድና ለአለቃቸው ንገር» አልኩት። «አሁን ምን ያደርጋል? አልፏል» አለ።

ለማን ነው ያለፈው? አቶ ሽብሩ ጡረታ እስኪወጡ ከዚያ መስኮት አልተነሱም። እያነከሱ ሲያልፉ «ዘይት የረሳው ሐኪም» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ የማደርግ አይደለሁም፤ ያን የሰማሁ ቀን ግን ሰው መሐል ቆሜ «አቶ ሽብሩ ዘይት አልረሱም!» ብዬ ጮህኩ።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ደንበኛ ጉልበት ጨምርልኝ ሲላችሁ፣ መውጫውን ብቻ ሳይሆን መውረጃውንም ጠይቁት። የሠራችሁት ነገር መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ የነካችሁትን ራሳችሁ ተናገሩ፤ ሰው ፊት፣ በዚያው ቀን።