በካሜራ ፊት የወጣ ቃል

ጃዝ ባንድ ይሉን ነበር። አምስት ወንዶችና እኔ፤ አኮርዲዮን፣ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፣ ጊታርና ቆዳው በየሠርጉ የሚቀደድ ከበሮ። ዘፋኟ እኔ ነኝ። የምንለማመደው አሰበ ተፈሪ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው፤ ሂርና ሠርግ ሲኖር፣ መሰላ የትምህርት ቤት በዓል ሲደረግ፣ በጭነት መኪና ላይ ከጫት እስር ጋር ተጭነን እንሄዳለን። ስንደርስ ወንዶቹ አቧራቸውን አራግፈው ከረባት ያስራሉ። እኔ ከረባት ስለማላስር ያን ጊዜ የማጠፋው ሳክስፎን ተጫዋቹን በማየት ነበር።

እወደው ነበር፤ መደባበቅ ምን ያደርጋል። ዝምተኛ ሰው ነው። ሰው ቢሰድበው እንኳ መልስ የሚሰጠው መድረክ ላይ ወጥቶ በሳክስፎኑ ነው። እሱም እንደሚወደኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል። የዚያን ጊዜዋ አሰበ ተፈሪ ምስጢር የሚደበቅበት ስፋት አልነበራትም።

አባቴ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ለሰው እየተከራከሩ የኖሩ፣ ቃላቸውን እንደ ርስት የሚጠብቁ ሰው። “በትንፋሹ የሚያድር ሰው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ምን ያበላሻል?” ብለው ዓመት ሙሉ ከለከሉኝ። እኔም የሳቸው ልጅ ነኝና ዓመት ሙሉ አኮረፍኳቸው። በመጨረሻ፣ “ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይላክ፤ እንደ ወጉ እንነጋገራለን” አሉ። ከሳቸው አፍ ይህን መስማት ግማሽ ሠርግ ነበር። እሱም ጊዜ ሳያጠፋ ሦስት ሽማግሌዎች ለመነ፤ ጎረቤታችን የነበሩትን የቡና ነጋዴ ሐጂ፣ አንድ ቄስና ጡረታ የወጡ የወረዳ ጸሐፊ። እሺ አሉት።

በዚያው ዐቢይ ጾም ፊልም ሠሪው መጣ። ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፤ ባንዱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሰውዬው ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው። ማንም ሳይልከው፣ ማንም ሳይረዳው፣ እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚሞላ ካሜራ ይዞ የፍቅር ፊልም ሊሠራ ወጥቷል። ታሪኩ የአንድ ሙዚቀኛና የአንዲት የጨዋ ልጅ ፍቅር ስለሆነ ባንድ ያስፈልገዋል። እኛን ሰምቶ ወደደን። ልጅቷን የምትሆን ግን ከእኔ በቀር አላገኘም፤ ልጁን ካሜራ ፊት የሚያቆም አባት ጠፋ። የኔም አባት የፈቀዱት በአንድ ውል ነው። “እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ሰው አባቷ ተብሎ አይቆምም። አባቷን እኔው እሆናለሁ” አሉ።

ሙዚቀኛውን የሚሆነውን ተዋናይ ከአዲስ አበባ ይዞት መጥቷል። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ መልከ መልካም ነው፤ ሳክስፎን ግን በየት በኩል እንደሚነፋ አያውቅም። ስለዚህ የኔ ሰው ሳክስፎኑን ከአንገቱ አውልቆ ለሱ ያጠልቅለታል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ቦታ ቦታቸው ላይ ያስቀምጥለታል። ከዚያ ከካሜራው ጀርባ ሄዶ መቼ እንደሚነፋ ጉንጩን እየነፋ ያሳየዋል። የቀረነው ከልባችን እንጫወታለን፤ መካከላችን ግን ድምፅ የሌለው ሰው ቆሟል። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም ነበር። ፊልም ሠሪው፣ “ድምፁ በኋላ ይገባል፤ አዲስ አበባ አስጠራችኋለሁ” አለን። እኛም አመንነው።

ሽማግሌ የሚላክበት ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሽማግሌዎች ፈለገ። የኔ ሰው እንቢ ማለት አይችልም፤ ሄዶ የራሱን ሦስት ሽማግሌዎች አመጣለት። እኔም ብሆን ያን ቀን ነጠላዬን አሳምሬ ደስ ብሎኝ ነበር። የኛው ሽምግልና ልምምድ መሰለኝ።

የተቀረጸው እኛ ግቢ ነው። ፊልም ሠሪው፣ “የሚባለውን እኔ አላውቅም፤ እንደምታደርጉት አድርጉ” አላቸው። እነሱም እንደሚያደርጉት አደረጉ። አባቴ ቢለምኗቸው፣ “የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም” ብለው ቆመው ቀሩ። ሐጂ፣ “ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን” አሉ። አባቴም ወጉ ነውና፣ “ለማን? የማን ልጅ ነው?” ብለው ጠየቁ። ፊልም ሠሪው ለሙዚቀኛው የፈጠረለትን ስም አስጠንቷቸው ነበር። ሐጂ ግን በሽምግልና ላይ የሌለ ሰው ስም ሊጠሩ አልሆነላቸውም፤ የተዋናዩን የራሱን ስም ከነአባቱ ጠሩ። አባቴ ዘመድ ላማክር ብለው ቀጠሮ ሊሰጡ ሲሉ፣ ፊልም ሠሪው ከካሜራው ጀርባ፣ “የካሜራው ፊልም እያለቀ ነው፤ ይስጡ! ይስጡ!” ብሎ ጮኸ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “ሰጥቻለሁ” አሉ።

ሐጂ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ቄሱ መስቀላቸውን አነሱ። ሁላችንም አሜን አልን። ከካሜራው ጀርባ የቆመው የኔ ሰውም አሜን አለ።

የፊልሙ ሰዎች ሚኤሶ ወርደው በባቡር ሄዱ፤ ፋሲካም አለፈ። የኔ ሰው ሽማግሌዎቹን ሊያስታውስ ሄዶ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። አንሄድም ብለውታል። አላመንኩም፤ ተነሥቼ ራሴ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ።

“ሐጂ፣ ያ እኮ ለፊልም ነው። ጨዋታ ነበር” አልኳቸው።

“ኢንተላ ኮ፣” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ጨዋታውን እኔ አላውቅም። ዱዓው ግን ጨዋታ አልነበረም። ወላሂ፣ የጨዋታ ዱዓ የሚባል አልተማርኩም። አባትሽ ደጅ ቆሜ ለአንዱ ጠየቅሁ፣ ተሰጠኝ። አሁን በየትኛው አፌ ለሌላው ልጠይቅ?”

ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ስለነበር ልቆጣቸው እንኳ አልቻልኩም። ቁጣዬን ይዤ ቤት ገባሁ፤ አባቴ ላይ ላወርደው።

“ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው” አሉ አባቴ። “አንድ በሬ ለሁለት ሰው የሚሸጠውን ስንቱን አስፈርጄበታለሁ። ዛሬ እኔው ልሁን?”

“አባባ፣ እኔ በሬ ነኝ?”

ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ክርክር ጥለው የወጡበት ቀን ያ ብቻ ነው። ሲመሽ ጠርተውኝ፣ “ያ ተዋናይ ራሱ ይምጣ። በሽማግሌዎቹ ፊት ትቻታለሁ ይበል። የዚያን ቀን ለወደድሽው እሰጥሻለሁ” አሉ። ጨክነው አልነበረም፤ ያለችው መንገድ ያቺ ብቻ መስላቸው ነው። እኔ ግን ጠላኋቸው። አባትን መጥላት ከባድ ነው፤ ምሳ እያቀረቡ መጥላት ደግሞ ይብሳል።

የኔ ሰው ተዋናዩን ሊያመጣ ሳክስፎኑን ይዞ አዲስ አበባ ወጣ። ወሬውን የሚያመጡልኝ የጭነት መኪና ሹፌሮች ነበሩ። ተዋናዩ ነገሩን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ አሉኝ። ቀጥሎ፣ እመጣለሁ እያለ ዛሬ ነገ ይለዋል አሉኝ። የኔ ሰውም እስኪመጣለት ለጉርሱ አንድ መጠጥ ቤት መንፋት ጀመረ። እዚያ ሰሙትና ትልቅ ባንድ ወሰደው። የመጨረሻውን ወሬ ያመጣው ሹፌር፣ የኔ ሰው ማግባቱን የነገረኝ ጎማውን እያየ ነው። የኛም ባንድ ያለ ሳክስፎን ብዙ አልቆየም። ጠሪ ጠፋ፤ ከበሮው እንደተቀደደ ቀረ።

ሁለት ክረምት አልፎ ፊልሙ ከተማችን መጣ። ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነጭ አንሶላ ተወጠረ፤ ሐጂም ቄሱም ሳይቀሩ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አባቴ በተቀረጹበት ካባ ነው የመጡት። አጠገቤ ተቀምጠው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሙዚቃው የኛ አልነበረም። የማላውቀው ባንድ እየተጫወተ፣ ጓደኞቼ አንሶላው ላይ ባዶ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። እኔ አፌን እከፍታለሁ፣ የሌላ ሴት ድምፅ ይወጣል። የኔ ሰው ከካሜራው ጀርባ ስለነበር የትም የለም፤ ጥላው እንኳ። ሳክስፎኑን ብቻ በሰው አንገት ላይ አየሁት፤ እንባዬ መጣ።

ፍቅረኞቹ ተገናኙ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ። ባቡር መጣ፣ ባቡር ሄደ። ግቢያችን አልታየም። ሽማግሌዎቹ አልመጡም፤ ያን ሁሉ ፊልም ሠሪው ቆርጦ ጥሎታል። መብራት በራ፤ ሰዉ ወንበር እየገፋ ተነሣ። አባቴ አልተነሡም፤ ዓይናቸው አንሶላው ላይ ነው።

“አባባ፣ አልቋል። ይነሡ፣ እንሂድ” አልኳቸው።

“ቁጭ በይ” አሉኝ፤ “ገና አልሰጠሁሽም።”