የእልፍነሽ የክርስትና ስም

እልፍነሽን ያወቅኋት አማን ከተማ፣ ስዌፍየህ በሚባለው ሰፈር ታክሲ ስንጠብቅ ነው። እኔ ኡም ሱማቅ ሰፈር ቤት ተከራይቼ የሰው ቤት በሰዓት አጸዳለሁ፤ እሷ ኻልዳ ሰፈር ከአሠሪዎቿ ጋር ትኖር ነበር። አርብ ዕረፍት ሲሰጧት፣ ሐበሾች በውሰት ወደምንጸልይበት ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን። ቅዳሴው ሲረዝምባት እግሯን እየቀያየረች ትቆማለች። «እኔ አላውቅበትም፤ እናቴ ትጸልይልኛለች» ትል ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን እውነቷን ነው። ጸሎት ማለት ለእሷ እናቷ አገር ቤት ሆነው የሚሠሩላት ሥራ ነበር።

እናቷ ኮሮና ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀረው ሞቱ። መኖሪያ ፈቃዷ አልታደሰም ነበርና፣ ከወጣች የማትመለስ ስለሆነ ለቅሶ አልሄደችም። ሥራው እንጀራዋ ስለነበር እዚያው ኻልዳ ልብስ እየተኮሰች አለቀሰች።

በመጋቢት መንግሥት ሰው ሁሉ ከቤት እንዳይወጣ ሲከለክል፣ በከተማው ሁሉ ሳይረን ጮኸ። እልፍነሽ ጦርነት መስሏት ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ገባች። አሠሪዋ ማዳም ናት እየሳቀች እጇን ይዛ ያወጣቻት። ቤተ ክርስቲያኑም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው በስልክ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ደውላ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂ» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። «ወለተ ማርያም አይደለሁም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረዋል። እልፍነሽ ብለው ያወጡላትም እንደ እልፍ ሆና እንድትክሳቸው ነው። የክርስትና ስሟን ክፉ ሰው ሰምቶ እንዳይደግምባት ለማንም አልተናገሩም። ልጅቷ ደግሞ አፏ አያርፍም ብለው ከራሷም ደበቁ። ስታገቢ እነግርሻለሁ ይሏት ነበር። ሳታገባ ዓረብ አገር መጣች፤ እሳቸውም ሳይነግሯት ሞቱ። እዚህ አማን የሚቀድሱልን ቄስ መልካሙ ለጸሎት የክርስትና ስሟን ሲጠይቋት፣ በሰው ፊት አላውቅም ማለት አፍራ ወለተ ማርያም አለች። በዚያው ስም ስንት ዓመት ተጸለየላት።

«እንግዲህ ያ ሁሉ ጸሎት ለሌላ ሴት ሄዷላ» አለችኝ። «ያቺ ወለተ ማርያም አሁን የት ደልቷት ተቀምጣ ይሆን?»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። በቴሌቪዥን በፕላስቲክ ተጠቅልለው፣ ያለ ዘመድ የሚቀበሩትን ሰዎች ታይ ነበር። እዚህ ብሞት ማን ብለው ይፈቱኛል? እዚያስ ማን ተብዬ እጠራለሁ? ትለኛለች። እግዚአብሔር ስም አይሳሳትም አልኳት። «አንቺ ስምሽን ስለምታውቂ ነው እንዲህ የምትይው» አለችና ዘጋችው።

አገር ቤት ያለውን ወንድሟን አባተን በየሳምንቱ ትጠይቀው ጀመር። የክርስትና እናቷ ሞተዋል። ልጃቸው ደማቀች ስሙን ሰምታ ይሆናል፤ ግን ሰፈር ቀይራ የት እንደገባች የሚያውቅ አልተገኘም። አባተ እፈልጋታለሁ ይላል። እልፍነሽ ስልኳን በሥራ ልብሷ ኪስ ይዛ ትውላለች፤ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች።

በመኸር በሽታው እቤታቸው ገባ። ቀድማ የሳለችው እልፍነሽ ነበረች። ማዳም ለአሮጊት እናቷ ፈርታ፣ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ክፍል ዘጋችባት። ሾርባውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትሸሻለች። «ታዕባነ?» ትላታለች በበሩ በኩል፤ ደከመሽ ወይ ማለቷ ነው። እልፍነሽ ደህና ነኝ ትላለች፤ ሆስፒታል ከወሰዱኝ አልመለስም ብላ።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሿ እያጠረ፣ ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠባት ያህል ሆነ። አባታችን ሆይን ጀመረችና መሐሉ ጠፋባት። ደግማ ጀመረች፤ አሁንም ጠፋባት። ያን ጊዜ የሚጸልይላት ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ገባት።

«ከዚያ ዝም ብዬ ለእግዚአብሔር ነገርኩት» አለችኝ። «እኔ እልፍነሽ ነኝ። ኻልዳ ነው ያለሁት፤ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ መስጊዱ ጋ ሳትደርስ በስተቀኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከወጥ ቤቱ ቀጥላ ያለችው ክፍል። ሌላዋን አይደለም፤ እኔን ነው። አልኩት።»

«ለታክሲ ነጂ ነው እንዴ የምትነግሪው?»

«እንዳይሳሳት ነዋ።»

ፍርሃቱ ለቀቀሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«የት ይለቃል? ግን ሁለት ሆነን ፈራን። እሱም ሊይዙት ሲመጡ በአትክልቱ ቦታ ፈርቶ ያውቅ የለ?»

ቀስ በቀስ ተሻላት። ከዚያ ወዲያ ልብስ ስትተኩስ ስሟንና አድራሻዋን እየነገረች ትጸልይ ነበር። እናቷ ይሠሩላት የነበረውን ሥራ ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም። ሲያስላት ግን አሁንም ትደነግጣለች፤ ማዳም ስታስነጥስም ትደነግጣለች።

ገና ካለፈ በኋላ አባተ ደወለ። ደማቀችን አግኝቷታል፤ ስሙንም ታስታውሳለች። ወለተ ኪዳን ነው። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ እልፍነሽ ለቀናት ስሙን አላነሳችውም። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣

«አሁን ወለተ ኪዳን ነኝ ብዬ ብነግረው፣ ይቺ ደግሞ ማናት ቢለኝስ?» አለች። «ገና መተዋወቃችን እኮ ነው።»

 ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ አልኳት። እስቲ አለች። ትንገረው አትንገረው አላውቅም።

በሽታው በሁለተኛው መጋቢት ባሰ፤ እሷንም ተመልሶ ያዛት። ማዳም ራሷ አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታሉ አላስገባኝም፤ በሩ ማዶ ቆሜ የእሷ ይሆናል ያልኩትን መስኮት ሳይ ዋልኩ። በማግስቱ ማዳም ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። በአረብኛ ስለሆነ፣ ተሳስቼ የሰማሁ መስሎኝ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።

ቄስ መልካሙ ፍትሐቱን በስልክ ሊያደርሱልን ተስማሙ። የክርስትና ስሟን ሲጠይቁኝ ፈራሁ። ብሳሳት፣ እሷ ያን ያህል የፈራችውን ነገር በእጄ ላደርግባት ነው።

«ወለተ ኪዳን» አልኩ።

«ወለተ ማርያም አልነበረችም እንዴ?»

«አይደለችም፣ አባቴ። ቤተ ክርስቲያን ያወጣችላት ወለተ ኪዳን ነው። እሷ ግን ለእግዚአብሔር እልፍነሽ ነኝ ብላ ነግራዋለች።»



«ራሷ ነግራዋለች?»

«በየቀኑ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም እንጠራለን» አሉና ጀመሩ።