ወንድሜ ኪኒኑን በወርቅ ሚዛን የመዘነ ጊዜ

ወንድሜ ወርቅ ሠሪ ነው። እኔ ፊት ለፊት ሱቁ ውስጥ ቆሜ ደንበኛ አነጋግራለሁ፤ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይሠራል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ እኔ አፍ፣ እሱ እጅ። ሰፈሩ «ሚዛን» ይለዋል፤ ሻዩ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር እንኳ ሳይለካ አይጨምርማ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት አብረን ነው የምንኖረው። ስለ ሰው ሁሉ ሳወራ የምውል ሴት ነኝ፤ ስለሱ ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አሁን የማወራው እሱ ራሱ «ንገሪያቸው እትዬ፣ ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይሞኝ» ስላለኝ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ታመመ። ትኩሳት የለው፣ ቁስል የለው። መጀመሪያ መብላት ተወ፣ ቀጥሎ መተኛት፣ ቀጥሎ ማውራት። «ምን ሆንክ?» ስለው «ደህና ነኝ» ይለኛል። ዘመድ ሲመጣ ደግሞ «ምን ጎደለብህ?» ይለዋል፣ የጎደለውን ቢያውቀው ገዝቶ የሚያመጣለት ይመስል። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ይዤ በሩን ሳንኳኳ «ደህና ነኝ እትዬ፣ ሂጂ» አለኝ። አመንኩት፤ ሱቅ ልከፍት ሄድኩ። ረፋዱ ላይ ልቤ አላርፍ አለኝና ተመለስኩ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ብጠራ መልስ የለም። ጎረቤታችንን አናጺውን ጠርቼ በሩን አሰበርኩት። ያየሁትን አላወራም። ደርሰንበታል፣ በሕይወት አለ፣ ይበቃል። አናጺው ያን ዕለት ማንም ሳይነግረው የበሩን መቆለፊያ ነቅሎ ኪሱ ከቶት ሄደ።

ሆስፒታል ተኛ፤ አንዲት ሐኪም የድባቴ መድኃኒት ጀመረችለት። በሁለተኛው ወር ከመጋረጃው ጀርባ ሲያፏጭ ሰማሁት። ደንበኛ ፊት ቆሜ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ወዲያ ያንን ኪኒን እንደ ሰው ወደድኩት።

ችግሩ እጁ ነው። ኪኒኑን ከጀመረ ዓመት ከምናምን ሲሞላው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላቡም ከግንባሩ እየወረደ ሥራው ላይ ይንጠባጠባል። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ፈርጥ በጉጠት ይዞ ቀለበት ላይ ማስቀመጥ ለሱ ጨዋታ ነበር። አሁን ፈርጧ ትወድቅና ሁለታችንም መሬት ላይ ተንበርክከን ስንፈልግ እንውላለን። በኋላ ፈርጥ ያለበትን ሥራ ሁሉ በሰው እየላከ ሌላ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ማሠራት ጀመረ። በላከበት ቀን ሁሉ ምሳውን አይበላም።

«እትዬ፣ ይህን መድኃኒት ልተወው ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«ሐኪሟን ጠይቀሃታል?»

«ጠይቄያታለሁ። ቀስ እያልክ ቀንሰው ብላኛለች።»

ውሸቱን ነው። ግን የኔን ጥፋትም ልናገር። ከሳምንት በኋላ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ኪኒኑን በጉጠት ይዞ፣ ወርቅ በሚቆርጥባት ፀጉር በምታክል መጋዝ ይከረክመዋል። የተከረከመውን ሚዛን ላይ ያስቀምጣል፣ ያነባል፣ የፈርጥ ማስቀመጫ ትንንሽ ፖስታ ውስጥ ይከታል፣ ላዩ ላይ ክብደቱንና ቀኑን ይጽፋል። «አንተ ጉድ!» ብዬ ሳቅሁ። ሳቅሁ ስል ልቤ አረፈ ማለቴ ነው። በኛ ሙያ የተመዘነ ነገር ክርክር የለውም፤ ደንበኛ ሲያጉረመርም ሚዛኑን ዞር አድርገን እናሳየዋለን፣ ያበቃል። ወንድሜ ጤናውን መዝኖ ከያዘ እኔ ምን አስጨነቀኝ? አልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ደንበኛ ላይ ጮኸ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው! ሴትየዋ ደንግጣ የጆሮ ጌጧን ትታ ሄደች። በአራተኛው ሳምንት ሲራመድ ግድግዳ መደገፍ አመጣ። «ምነው?» ስለው «ደህና ነኝ»። ጠዋት ፊቱ በርቶ፣ እጅና እግሩ አላርፍ ብሎት ይንጎራደዳል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ሰው ወንበሩ ላይ ክምር ብሎ አገኘዋለሁ። ያቺ «ደህና ነኝ» ስትመለስ ግን አጥንቴ ድረስ ነው የተሰማኝ። ለአናጺው ሁለት ጊዜ ደወልኩና ምንም ሳልል ዘጋሁት። ምን እለዋለሁ? «ወንድሜ ደህና ነኝ አለኝና ናልኝ» ልበለው?

በአምስተኛው ሳምንት እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ዕቃ እያጠብኩ ከክፍሉ የብረት ጠረጴዛ ሲጎተት ሰማሁ። ጠረጴዛው መጥቶ በሩን ሲመታው ታወቀኝ። መቆለፊያ በሌለው በር ላይ ጠረጴዛ የሚያስደግፍ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሆነ አስቡት። እጄን ሳላደርቅ ሮጥኩ። በሩን ስገፋው ጣት የሚያስገባ ብቻ ተከፈተ፣ ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅ አለ።

«ደህና ነኝ እትዬ።»

እዚያው በሩ ሥር ተቀመጥኩና አፌን ወደ ስንጥቁ አስጠጋሁ። «ስማ፣ ያቺን ቃል ካሁን በኋላ ካንተ አልቀበልም። ወይ ትከፍታለህ፣ ወይ አናጺውን እጠራለሁ። ይኸው ስልኩ በእጄ ነው።»

ስልኩን በስንጥቁ አሳየሁት።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለ በመጨረሻ።

«ያለውን።»

«ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር ጥዝ ያደርገኛል። እንባዬ አይቆምም። ስታለቅስ አገኘሁህ እንዳትዪኝ ነው የዘጋሁት።»

ልጠይቀው የፈራሁትን ጠየቅሁት። «ራስህን ልትጎዳ ነው?»

«አላውቅም። ጠዋት እንደዚያ ያለ ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። ፈራሁት።»

«እንግዲያው ጠረጴዛውን ሳበው። ሁለታችንም እንፍራው፣ ግን ከዚህ ቤት ወጥተን።»

ጠረጴዛውን እስኪስበው ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁ መሰለኝ። በሩ ሲከፈት ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። አንድ እጁን ያዝኩ፣ በሌላው እጄ የፖስታዎቹን ሣጥን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ሳይመዘን ምንም ነገር ከቤት አይወጣም የሚለው ልማድ ይሆናል።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ተረኛዋ ያችው የሱ ሐኪም ሆና አገኘናት። ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረቻቸው፤ የጻፈውን ክብደት አነበበች፣ የተከረከመውን ኪኒን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየች። እንደምትጮህበት ጠብቄ ነበር።

«እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም» አለችው። «ግን ይህ ኪኒን አይቆረጥም። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እንዲለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሲቆርጡት የያዘውን ባንዴ ይዘረግፈዋል። ጠዋት ይበዛብዎታል፣ ከሰዓት በኋላ ያልቅብዎታል። በዚያ ላይ በአምስት ሳምንት ከሙሉው ወደ ሩቡ ወርደዋል። እኔ ብሆን ይህን ያህል ለመውረድ ወራት እወስድ ነበር።»

ወንድሜ ፖስታዎቹን አየ። «ሚዛኑ ትክክል ነው» አለ፣ እንደ ልጅ።

«ሚዛኑን ማን ነካብዎት?» አለችው። «እኔ የምጠይቀው ለምን እንዳልነገሩኝ ነው።»

ሁለት እጁን ዘረጋላት። መንቀጥቀጣቸውን አየች። «ብነግርዎት መድኃኒቱን ያቋርጡብኛል፣ ያ በሽታ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ባልነግርዎትም እጄ ሄደ። ስለዚህ በየቀጠሮው ደህና ነኝ አልኩዎት።» በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የኔ ወንድም ደግሞ የመድኃኒቱንም በሽታ ሸሸገ።

አራት ቀን እዚያው አቆየችው። ሰውነቱ እስኪረጋ መጠኑን መለሰችለት፤ ከዚያ ፋብሪካው ራሱ አሳንሶ የሚሠራቸውን ኪኒኖች እያዘዘች አንድ አንድ ደረጃ ልታወርደው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሳምንታት ልታቆየው ተስማሙ። ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ደግሞ የባሰ ቀስ ይላል አለችን። እኔ ምላሴ አያርፍም፣ «የመድኃኒቱ መውጣት ነው ወይስ በሽታው መመለሱ፣ በምን ለይቼ አውቃለሁ?» አልኳት።

«መጠን በተቀነሰ በጥቂት ቀን ውስጥ ንዝረቱ፣ ማዞሩ፣ ማልቀሱ ከመጣ ብዙ ጊዜ የመቀነሱ ነው። ውሎ አድሮ ቀስ እያለ መጥቶ የሚቀር ድባቴ ከሆነ የበሽታው ሊሆን ይችላል። መለየቱ ግን የኔ ሥራ ነው። የናንተ ሥራ መናገር ነው። ከከበደ አንድ ደረጃ እንመለሳለን፤ መመለስ መሸነፍ አይደለም። የሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ኑ።»

መጋዟን ከኪኒን ጋር ዳግመኛ አላየኋትም። ስምንት ወር ወረድን። አንዳንዱ ደረጃ ሳይታወቅ አለፈ፤ አንዱ አሥር ቀን አስተፋው። እጁ ቀስ እያለ ተመለሰለት። በስድስተኛው ወር የመጀመሪያዋን ፈርጥ አስቀመጠ፤ ጠርቶ አሳየኝና «እንዳትነኪያት» አለኝ፣ እኔ ልነካት ያሰብኩ ይመስል። የሱ ነገር!

እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት «እንዴት ነህ?» ስለው አሁንም «ደህና ነኝ» ይለኛል። እውነቱን ይሁን ልማዱን፣ በምን አውቃለሁ? እጁ ዳነ አልዳነ እሱ ቃሉን ካልለወጠ ያ በር ያው በር ነው። ከሐኪሟ ቀጠሮ ስንመለስ እየተነጫነጭኩ፣ አምንሃለሁ ብዬ እየማልኩ፣ ማታ ግን በሩ ሥር ቆሜ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ኖርኩ።

የመጨረሻዋ ትንሿ ኪኒን ላይ በደረስን በዘጠነኛው ቀን፣ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። አንዲት እናት ለልጇ ሐብል መርጣ ሚዛን ላይ አድርጌላታለሁ። መጋረጃው ተገለጠና ወንድሜ ወጣ። በሥራ ሰዓት ወደ ፊት ወጥቶ አያውቅም። ፊቱ ነጥቷል፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዟል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፁን ሳይደብቅ ተናገረ።

«እትዬ፣ ዛሬ ደህና አይደለሁም። በር ከመዝጋቴ በፊት ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሐብሉን ከነሚዛኑ ትቼው ሄጄ አቀፍኩት። ሴትየዋ ምን እንደነካኝ ግራ ገብቷት «ሰው ታመምኩ እያለ ትስቂያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሱቁን ዘግተን ወደ ሐኪሟ ሄድን፤ አንድ ደረጃ መለሰችው። አሁንም እዚያው ደረጃ ላይ ነን።