የባሌ አንገት

ጅቡቲ በገባን በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባሌ አንገት ጠፋ። ፊቱ አለ፣ ትከሻው አለ፤ መሃል ላይ የነበረው የት እንደገባ እንጃ። እግሩ እንደ ድሮው ቀጭን ሆኖ ከወገቡ በላይ ብቻ የትግል ስፖርተኛ መሰለ። ወደብ ላይ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽም ትራንዚተር ነበርና ሾፌሮቹ "ምን ዓይነት ብረት ነው የምታነሳው?" ሲሉት ደረቱን ይነፋል። የሚያነሳው የቢራ ጣሳ ነበር፤ ሲመሽ ደግሞ ዊስኪ። እኔ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። የሸሚዞቹን ኮሌታ እየፈታሁ ጨርቅ ስቀጥልበት ኖርኩ። "ኧረ መጠጡን ተው" ስለው፣ "አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ" ይለኛል።

አንድ የሥራ ባልደረባው ሲያገባ ሚዜ አደረገው። የሙሽራዋ እህቶችና ጓደኞች በር ዘግተው ሙሽራውን አናስገባም ሲሉ፣ በዚያ ትከሻ ገፍቶ እንዲያስገባው ነው። ቡላኦስ ሰፈር ሙሽራዋ ቤት ስንደርስ ባሌ ከሚዜዎቹ ሁሉ ቀድሞ ገባባቸው። አንዷ ልጅ ትከሻውን በሁለት እጇ ስትገፋው እጇ ሰመጠ።

"እንዴ! ትራስ እኮ ነው!" ብላ ጮኸች።

ሌሎቹም ትራሱን ሊነኩ ሲረባረቡ ሙሽራው በባሌ ብብት ሥር ሹልክ ብሎ ገባ። ባሌ ግን በሩ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ፊቱ ሲጠቁር፣ ትንፋሽ ሲያጥረው አየሁና ደነገጥኩ። ራሴ የሰፋሁትን ኮሌታ ራሴ ቀደድኩት።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ በማግስቱ እምቢ ሳይል ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ አንገቱን ዳሰሰና በፈረንሳይኛ ነገረን፤ ጡንቻ ሳይሆን ስብ ነው፣ ብዙ በሚጠጡ ሰዎች ላይ የሚታይ ብርቅ በሽታ ነው፣ መጠጡ ካልቆመ እያደገ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ባሌ ሊተረጉምልኝ ወደ እኔ ዞረ።

"ብርቅ ሰው ነህ ነው የሚለኝ።"

እኔ ከደንበኞቼ ጋር ስነጋገር ፈረንሳይኛ መልመዴን ረስቶታል።

"ልትሞት ትችላለህም ብሏል" አልኩት።

ያን ጊዜ ፈራ። ብዙ ተነጫንጮ፣ ብዙ ሻይ ጠጥቶ፣ መጠጡን ተወ። ያበጠው አልጎደለም፤ ሐኪሙም በራሱ ይጠፋል ብሎ አልዋሸንም። እሑድ እሑድ ግን "ነይ ለኪኝ" ይለኛል። ሜትሬን ስጠመጥምበት ቀጭን ለመምሰል ትንፋሹን ይይዛል።

"ቀነሰ?"

"አልቀነሰም። አልጨመረምም። በል ተንፍስ።"

ይተነፍሳል።